የእርሳስ ፊቶች

ፈለቀ ወልደ ሰንበት ከቦንጋ ገበያ በላይ፣ ባጃጆች እያቃሰቱ በሚወጡት ዳገት ዳር፣ አንዲት ጠባብ የአንጥረኛ ሱቅ ነበረችው። የተበጠሰ ሐብል ይቀጥላል፣ የጠበበ ቀለበት ያሰፋል፣ ለክርስትና የሚሆን የብር መስቀል ይሠራል። የሠርግ ወር ሲደርስ ደግሞ የሙሽሮችን ጣት ሲለካ ስለሚውል ቀና ብሎ ሰላምታ ለመመለስ እንኳ ጊዜ አያገኝም ነበር። ሙያውን የተማረው ጅማ፣ ከአንድ ሽማግሌ ዘንድ ነው። አያቱ ከሸዋ ለመንግሥት ሥራ ተልከው የመጡ ሰው ነበሩ ይባላል፤ እሱ ግን ከቦንጋ ሌላ የኔ የሚለው አገር የለውም።

ሚስቱ ምሥራቅ ከቦንጋ በሚኒባስ የሚደረስባት የደካ ልጅ ናት። በዞኑ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ሴክሬታሪ ነበረች። ሲጋቡ እሱ ኦርቶዶክስ፣ እሷ ፕሮቴስታንት በመሆናቸው ሁለቱም ወገን አኩርፎ ነበር፤ ኩርፊያው ግን በጊዜ በረደ። ያልበረደው የልጅ ነገር ነው። ምሥራቅ ደጋግማ ጸነሰች፣ ደጋግሞም አስወረዳት። ሁለቱም በልባቸው ተስፋ ከቆረጡ በኋላ፣ አንዱ ለሌላው መናገር ፈርተው ዝም እንዳሉ፣ ሶሲ መጣች። ፈለቀ ያን ሰሞን ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሲስቅ ያዩት ጎረቤቶች ነበሩ።

ሶሲ መራመድ በጀመረችበት ክረምት ነው ሳሙኤል ወደ ሱቁ የገባው። ሳሙኤል ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ታሪክ የሚያስተምር፣ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር የሚጣደፍ ሰው ነበር። ጃንጥላውን በር ላይ አራግፎ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ የመስታወት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ጋሽ ፈለቀ፣ ይህን ነገር ሊቆርጡልኝ ይችሉ ይሆን?»

ፈለቀ ክዳኑን ሲያነሳ በጥጥ የተጠቀለሉ ትንንሽ ወታደሮች አገኘ። እያንዳንዳቸው ከአውራ ጣት አይበልጡም። አንዱ ጦር ወድሯል፣ አንዱ ተንበርክኳል፣ አንዱ አፉን ከፍቶ ይጮኻል። የቁልፋቸው ረድፍ፣ የጫማቸው እጥፋት ሳይቀር ይታያል። ማጉያ መነጽሩን አጠለቀና አንዱን ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው።

«መጫወቻ ናቸው?»

«መጫወቻ ናቸው፤ ግን የትልቅ ሰው መጫወቻ» አለ ሳሙኤል እያፈረ። ቤልጂግ ሲማር የቤቱ አከራይ አንድ ሽማግሌ ጨዋታውን እንዳስተማሩት ነገረው። ጠረጴዛ ላይ ኮረብታና ወንዝ ይሠራል፣ ሁለት ጦር ይሰለፋል፣ ዳይስ ይጣላል፣ ማን እንደተራመደና ማን እንደወደቀ በሕግ ይወሰናል። ሽማግሌው ሲሸኙት ሳጥናቸውን አውርሰውት ነበር። «አሁን እዚህ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እንጫወታለን። ግን ሁሉም ፈረንጅ ናቸው፤ ቆባቸውን ይዩት። እኔ የምፈልገው የድሮ የካፋ ጦረኞች ነው። እንደዚያ ያለ የሚሠራ በዓለም ላይ የለም፤ ፈልጌ አጥቻለሁ። ሰውነታቸው ይሆነኛል፤ ራሳቸው ቢቀየር።»

«አንገት ቁረጥልኝ ብሎ የመጣ ደንበኛ አንተ የመጀመሪያዬ ነህ» አለ ፈለቀ፤ ሁለቱም ሳቁ።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ፈለቀ የአንዱን ቆብ ያጠለቀ ራስ በቀጭኑ መጋዝ ቆርጦ፣ ቆብ ከሌለው ከሌላ ወታደር ላይ የቆረጠውን ሊያጣብቅ እንደ ብር መስሎት የብየዳውን እሳት አስጠጋ። እሳቱ ገና ሳይነካው የወታደሩ ጉልበት ታጠፈ፤ ትከሻው ቀለጠ፤ ሰውዬው እንደ ሻማ ተንሸራቶ ጠረጴዛው ላይ የሚያብረቀርቅ ጠብታ ሆነ።

«እርሳስ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ ፈለቀ። «ምነው ሳትነግረኝ?»

ሳሙኤልን ከማዘን ይልቅ ሳቁ አሸነፈው። «አሮጌ ስለሆኑ ነው። አሁን የሚወጡት እርሳስ የለባቸውም፤ ለልጆች ጥሩ አይደለም ተብሎ ቀርቷል።»

እንደዚህ ብሎ ተናገረ። የተናገረውም ስለ ጨዋታው ብዙ ነገር ሲያወራ በመሐል ነበር። ፈለቀም ሰማው፤ ሬዲዮ ላይ የሩቅ አገር ወሬ እንደሚሰማ ሰማውና አሳለፈው።

ከዚያ በኋላ ያለ እሳት መሥራት ለመደ። አንገቱን በመጋዝ ይቆርጣል፤ የተቆረጠውን በሞረድ ያስተካክላል። አንገቱ ላይና አዲሱ ራስ ሥር ትንሽ ቀዳዳ ይበሳና የመዳብ ሽቦ ይሰካል፤ በሱፐር ግሉ አጣብቆ መጋጠሚያውን በስቱኮ ይሞላዋል። ራሱን ትንሽ ወደ ጎን ካዞረው ወታደሩ ጓደኛውን የሚጠራ ይመስላል፤ ዝቅ ካደረገው የፈራ ይመስላል። ፈለቀ ይህን ሲያገኝ ደነገጠ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ክብ ነገር ነው፤ ቀለበት፣ ጉትቻ፣ የሐብል ዓይን። ፊት ያለው ነገር ሠርቶ አያውቅም ነበር።

ቆብ የሌላቸው ወታደሮች ሲያልቁ ራሱ መቅረጽ ጀመረ። ከሰም አንድ ራስ ይቀርጻል፤ ጸጉሩን ጎፈሬ ያደርገዋል፣ ግንባሩን ሰፋ፣ ጉንጩን ገባ ያደርገዋል። በጀሶ ቅርጹን ያወጣና እርሳስ አቅልጦ ያፈስበታል። እርሳሱን ጋራዥ ያለው ሰላሐዲን ከሞቱ የመኪና ባትሪዎች እየፈታ በነፃ ይሰጠው ነበር። ሱቁ ለማቅለጥ ስለማይመች ሥራውን ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መኖሪያ ክፍላቸው አገባው። ውጭ ዝናብ ነው፤ በሩ ይዘጋል፤ የከሰሉ ማንደጃ መሐል ቤት ይቀመጣል፤ እርሳሱ በአሮጌ ድስት ውስጥ ቆዳ እያወጣ ይቀልጣል። ሞረዱ የበላው ብናኝ ወለሉ ላይ ይረግፋል፤ ማታ ምሥራቅ ትጠርገዋለች።

ሰው ሁሉ ፊት ሆኖ ይታየው ጀመር። ሥጋ ሻጩን ቀረጸው፤ ሁልጊዜ የሚያኮርፈውን ባጃጅ ነጂ ቀረጸው። አንድ ቀን ደግሞ ፎቶ ያልቀረላቸውን አባቱን ከትዝታ ቀረጻቸው። ሌላው ቢቀር ያ የተቆጡ ጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚሄደው ከንፈራቸው መጣለት። ለምሥራቅ መዳፉ ላይ አድርጎ አሳያት። እሷ አማቷን በሕይወት አላወቀቻቸውም።

«አንተን ይመስላል» አለችው።

«አባባ ናቸው።»

«እንግዲያው አንተም እንዲህ ታኮርፋለህ ማለት ነው» ብላ ሳቀች።

ዓርብ ከሰዓት ሳሙኤል ቤት ሲጫወቱ ፈለቀም እየሄደ ያይ ነበር። ሕጉ አልገባውም፤ ዳይሱም ግድ አልሰጠውም። የሠራቸው ሰዎች አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ተሰልፈው ሲያይ ግን ደረቱ ይሞላል። «ጋሽ ፈለቀ፣ እኚህ ሰውዬ ቁጡ ናቸው፤ ከፊት ይሰለፉ» እያለ ሳሙኤል አባቱን ከጦሩ ፊት ያቆማቸው ነበር። ያ ዓመት የፈለቀ ጥሩ ዓመት ነበር። በኋላ ከሁሉም በላይ የሚያቃጥለው ይህ ነው፤ ደስተኛ እንደነበር ያውቃል።

ሶሲ አባቷ ከሚሠራበት ጠረጴዛ ሥር አትጠፋም። አፍንጫቸው የተበላሸ፣ ጆሯቸው ያልሞላ፣ ሲቀዘቅዙ የተሰነጠቁ ራሶችን ፈለቀ በአንድ የወተት ጣሳ ያጠራቅማቸው ነበር፤ እንደገና ሊያቀልጣቸው። ሶሲ ጣሳውን ታንኳኳለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ራሶቹን ወለሉ ላይ ትደረድራቸዋለች። ለሁሉም አንድ ስም ነበር የሰጠቻቸው፤ «ሰውዬ»። አንዱን አንስታ «ሰውዬ ተኛ» ትላለች፤ ሌላውን አንስታ «ሰውዬ እንጀራ በላ» ትላለች። ለዕድሜዋ አፏ የተፈታ ልጅ ነበረች።

«ትውጣቸዋለች እኮ» ትለው ነበር ምሥራቅ።

«አትውጥም። ጎበዝ ናት፤ ነግሬያታለሁ።»

ጣሳውን የሰጣት በገዛ እጁ ነው።

ሕመሙ ሲጀምር ሕመም አይመስልም ነበር። ሶሲ ምግብ እንቢ አለች። ሆዷን ይዛ ታለቅሳለች፤ ሰገራ ይከለክላታል። የከንፈሯ ቀለም ጠፋ። ወስፋት ነው ተባለና የወስፋት መድኃኒት ተሰጣት፤ ደም ማነስ ነው ተባለና ሽሮፕ ተሰጣት። ምሥራቅ ወደ ጸሎት ቤቷ ወሰደቻት፤ ፈለቀ ወደ ጠበል ወሰዳት። ትንሽ የተሻላት ይመስልና ይመለስባታል። በዚህ መሐል ፈለቀ ሥራውን አልተወም። ልጅቷ ስትነጫነጭ ዝም የምትለው ጣሳው ሲሰጣት ነውና እሱኑ ይሰጣት ነበር።

ቀጥሎ ቃላቷ ይጠፉ ጀመር። አንድ ጠዋት ምሥራቅ «ሶሲ፣ ሰውዬ የት ሄደ?» አለቻት። ልጅቷ እናቷን አየቻት፤ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ምንም አላለችም። ምሥራቅ ደግማ ጠየቀቻት። ሶሲ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አኩርፋ ነው» አለ ፈለቀ።

«አይደለም» አለች ምሥራቅ። «ረስታው ነው።»

ከዚያ አካሄዷ ተበላሸ፤ ደህና ትሮጥ የነበረችው ልጅ ግድግዳ ይዛ መሄድ ጀመረች። በገበያ ቀን፣ ምሥራቅ አዝላት ጎመን ስትመርጥ፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ሰውነት በድንገት እንደ እንጨት ተገተረ። ከዚያ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ምሥራቅ ጎመኑን ጥላ ጮኸች። ሰው ተሰበሰበ፤ አንዷ ውሃ ረጨች፣ አንዱ ክብሪት ይጫርላት አለ። ፈለቀ ከሱቁ እየሮጠ ሲደርስ የሶሲ ዓይን ወደ ላይ ተገልብጦ ነጩ ብቻ ይታይ ነበር።

በዚያው ቀን በሚኒባስ ወደ ጅማ ተጓዙ። መንገዱን ሁሉ ምሥራቅ ልጇን ደረቷ ላይ አስደግፋ ትንፋሿን ታዳምጥ ነበር። ፈለቀ አጠገቧ ተቀምጦ የሶሲን እግር ይዞ ነበር። እግሯ ቀዝቃዛ ነው፤ እያሻሸ ያሞቀዋል፤ መልሶ ይቀዘቅዛል።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያገኟት ሐኪም ረጋ ያለች ወጣት ሴት ነበረች። ሆዷን ዳሰሰች፤ ድዷን አየች፤ ራጅ ታዘዘ። ራጁ ሲመጣ መስኮቱ ላይ ወደ ብርሃኑ ይዛ ደጋግማ አየችው። ከዚያ ሁለቱንም ጠራቻቸው። በሶሲ ሆድ ግራጫ ጥላ ውስጥ ነጫጭ ፍንጣሪዎች ተበትነው ነበር። አንዱ ግን ፍንጣሪ አልነበረም። ጎፈሬ አለው፤ አገጭ አለው፤ አንገቱ ላይ ተቆርጧል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጭንቅላት ነው» አለ ፈለቀ።

ሐኪሟ ዞራ አየችው። «የምን ጭንቅላት?»

«የወታደር። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ከምን?»

«ከእርሳስ።»

«እርሳስ ሲሉኝ... የባትሪው እርሳስ?»

«አዎ።»

«የት ነው የሚሠሩት?»

«ቤት ውስጥ።»

«ልጅቷ ባለችበት?»

ፈለቀ ራጁን ነበር የሚያየው። ያ ነጭ ራስ ከሠራቸው ሁሉ የትኛው እንደሆነ፣ ሥጋ ሻጩ ይሁን ባጃጅ ነጂው፣ ለመለየት ዓይኑን አጥብቦ ሲያይ ራሱን አገኘው። ያን ጊዜ የተሰማው እፍረት ከዚያ ወዲህ ለቆት አያውቅም።

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። እርሳስ መርዝ ነው። የተዋጠው ብቻ አይደለም፤ ጭሱም፣ ከሞረዱ የረገፈው ብናኝም፣ ምንጣፉ ላይ ያለውም፣ በጣቷ አፏ ገብቷል። በትልቅ ሰውም ላይ ክፉ ነው፤ በሕፃን ላይ ግን አንጎል ይገባል። «የዋጠችውን እናወጣዋለን። ደሟ ውስጥ ያለውን የሚያወጣ መድኃኒት አለ፤ ግን በቀላሉ አይገኝም። እየደወልኩ እፈልጋለሁ።»

«ከዚያ ይሻላታል?» አለች ምሥራቅ።

ሐኪሟ የምሥራቅን እጅ ያዘች። «መንቀጥቀጧ ሊቆም ይችላል። ሆዷ ይድናል። የጠፋውን ግን... ይመለሳል ብዬ ልዋሽዎት አልፈልግም።»

ምሥራቅ ወደ ባሏ አልዞረችም። ብትዞር፣ ብትጮህበት፣ በጥፊ ብትመታው ይወድ ነበር። እሷ ግን የሶሲን ቀሚስ ወደታች እየጎተተች ጉልበቷን ሸፈነችላት።

መድኃኒቱን ያስመጣው ሳሙኤል ነው። ነገሩን በስልክ እንደሰማ ቤልጂግ ለሚያውቃቸው ሁሉ ጻፈ፣ ለመነ። አንድ መንገደኛ በሻንጣው ይዞለት መጣ። እስኪደርስ ግን ጊዜ አለፈ። መድኃኒቱ ሲሰጣት ደሟ ጠራ፤ መንቀጥቀጧም እየራቀ ሄደ። በሆስፒታሉ መስኮት ፈለቀ ከሌሎች አባቶች መሐል ቆሞ ዕለት ዕለት ከልጁ አፍ አንዲት ቃል ይጠብቅ ነበር። ሶሲ ጣሪያውን ታያለች። እጇን ፊቷ ላይ አንስታ ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች፤ እንደገና ታንቀሳቅሳለች። ስሟን ሲጠሯት አትዞርም።

ሐኪሟ የእሱንም ደም አስመርምራ ነበር። በደሙ ያለው እርሳስ ከፍ ያለ ነው አለችው። እሱም ካለፈው ወር ጀምሮ የቀኝ እጁ አንጓ እየላላ፣ ጉጠቱ እየወደቀበት ነበር፤ ለማንም አልተናገረም። መድኃኒት ልስጥዎት ስትለው «ለእሷ ይቆይላት» አላት። ለእሷ የሚበቃ እንዳለ ብትነግረውም እንቢ አለ። በመጨረሻ ምሥራቅ ናት ያስዋጠችው፤ እንክብሉን መዳፉ ላይ አስቀምጣ እስኪውጠው ድረስ ቆማ አየችው።

ወደ ቦንጋ ሲመለሱ ሶሲ ወደዚያ ቤት መግባት እንደሌለባት ታውቆ ነበር። ምሥራቅ ልጇን ይዛ በቀጥታ ወደ ደካ፣ ወደ እናቷ ወደ ወይዘሮ አሰለፈች ቤት ሄደች። ዝውውር ጠይቃ እዚያው ሥራ ያዘች። መለያየት የሚል ቃል በመሐላቸው አልተነሳም። አልጋቸው ግን ሁለት አገር ሆነ።

ፈለቀ ብቻውን ቤቱን አጸዳ። ሐኪሟ እንዳዘዘችው አፉን በጨርቅ አስሮ፣ አቧራ እንዳይነሳ ውሃ እየረጨ፣ የአፈር ወለሉን በዶማ ፋቀው። ምንጣፉን፣ ድስቱን፣ የጀሶውን ቅርጾች፣ የሰም ራሶቹን፣ ጣሳውን፣ ሁሉንም ከአፈሩ ጋር በድርብ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተታቸው። አባቱንም ከተታቸው።

ሳሙኤል የመጣው ይህን ሲሠራ ነው። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። ከስቶ ነበር።

«ጋሽ ፈለቀ፣» አለ፣ «ያን ቀን ስለ ልጆች ያልኩዎትን...»

«ነግረኸኛል።»

«በሚገባ አልነገርኩም። እኔ ራሴ ሳላስበው እንዲሁ...»

«ነግረኸኛል መምህር። ሰምቼሃለሁ።»

ሳሙኤል ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ፈለቀ ግን ዕንባ አልመጣለትም። የሚያለቅስ ሰው ማጽናናት ግዴታው ነውና ተነስቶ ትከሻውን ሊይዘው እጁን ዘረጋ፤ እጁ ብናኝ እንደለበሰ ትዝ ሲለው መልሶ ሰበሰበው።

«ሳጥንህን ውሰድ።»

«አልፈልገውም።»

«ውሰደው። እኔ ዘንድ መሆን የለበትም።»

ፈለቀ የብስኩቱን ቆርቆሮ በሩ ላይ አስቀመጠለት፤ ሳሙኤል አንስቶ ሄደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ሲሄድ ሊሰናበተው መጣ አሉ፤ ፈለቀ ሱቁን ዘግቶ ደካ ነበር።

ማዳበሪያዎቹን የት እንደሚጥላቸው ግን ጠፋው። ቆሻሻ የሚያነሱትን ሰዎች ቢጠይቃቸው ወደ ገደሉ አመለከቱት። ገደሉ አፋፍ ድረስ በጋሪ ወስዷቸው ነበር። ቁልቁል ሲያይ ታች ምንጭ አለ፤ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል፤ አንዲት ልጅ እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ ትጫወታለች። መለሳቸው። ከከተማ ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ ሊቀብራቸው ሄደ። ቡናው ሥር መሬቱ በእርጥበት እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፤ የረገጠው ቦታ ሁሉ ውሃ ያቁራል። የትም ቢቆፍር ዝናቡ ያገኘዋል፤ ዝናቡ ያገኘውም ወንዝ ይገባል፤ ከወንዙ ደግሞ የማን ልጅ እንደምትጠጣ አያውቅም። ጋሪ ነጂው ጠብቆ ጠብቆ ሰለቸው።

«ጋሼ፣ አፈር አይደለም እንዴ? ጣሉትና እንሂድ።»

«መልሰኝ» አለው ፈለቀ።

በመጨረሻ ከቤቱ ኋላ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ውስጡን በሲሚንቶ ለስኖ፣ ማዳበሪያዎቹን አስገብቶ ላዩን በሲሚንቶ ደፈነው። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ወጥቶ ሲሚንቶው ተሰንጥቆ እንደሁ በእጁ ይዳስሰዋል። በቦንጋ ዝናብ የማይጥልበት ሳምንት ጥቂት ነው።

የቀኝ አንጓው እንደ ድሮው አልሆነም። ቀለበት ሊያሰፋ ሲል መጋዙ ያመልጠዋል። ሱቁን ለሞባይል ጠጋኝ አከራየና አንድ የቡና መጋዘን ገባ፤ በወፍራም መርፌ የከረጢት አፍ ይሰፋል። ለዚያ ሥራ የላላ እጅም ይበቃል። የሚያውቁት ሰዎች አልፎ አልፎ የጆሮ ጌጥ ይዘው ሲመጡበት «ትቼዋለሁ» ብቻ ይላቸዋል። እሱ በሌለበት ታሪኩን የሚያውቅ ላላወቀው ያወራለታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደካ ይሄዳል። የወይዘሮ አሰለፈች ግቢ በር ላይ ሲደርስ ምሥራቅ በሳፋ ውሃና ሳሙና ታወጣለታለች። እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል፤ ፊቱን ይታጠባል፤ የመጣበትን ልብስ አውልቆ አጥሩ ላይ ይሰቅልና እዚያው የሚቀመጥለትን ንጹሕ ሸሚዝና ሱሪ ይለብሳል። ዛሬ የሚነካው ቡናና ጆንያ ብቻ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ምሥራቅ ግን ጥፍሮቹን አንድ በአንድ ታያቸዋለች፤ ኪሱን እንዲገለብጥም ታደርገዋለች። እሱም ሳይጠየቅ ይገለብጣል።

ሶሲ አራት ዓመት አልፏታል። እንደገና መራመድ ችላለች፤ እግሯን ሰፋ አድርጋ። አያቷ በካፊኖኖ ቋንቋ ሲያባብሏት አንዳንዴ ፈገግ ትላለች፤ ለምን ፈገግ እንዳለች ግን አይታወቅም። ያገኘችውን ሁሉ አፏ ትከታለች፤ ጠጠር፣ ቅጠል፣ የቀሚሷን ጫፍ። ፈለቀ ሰሌኑ ላይ አጠገቧ ይቀመጣል። ያወራላታል፤ ስለ ሚኒባሱ፣ መንገድ ላይ ስላያቸው ጦጣዎች፣ ስለ ዝናቡ። አንዳንዴ ጣቱን ትይዝለታለች፤ የበር እጀታ እንደሚያዝ እንዲሁ ትይዘዋለች፤ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው።

አንድ ቅዳሜ ልብሱን ለውጦ ሊሄድ ሲል ምሥራቅ እስከ መንገድ ተከተለችው። እንዲህ አድርጋ አታውቅም ነበር።

«በሚመጣው ሳምንት አትምጣ» አለችው።

«ለምን?»

«ስትሄድ ታለቅሳለች ብልህ ደስ ባለኝ። አታለቅስም። መምጣትህንም፣ መሄድህንም አታውቅም።» ወደ አጥሩ ዞራ አየች። «አንተ ግን ስትሄድ እኔ አይሃለሁ። አጥሩ ጋ ቆመህ የራስህን ልብስ መልሰህ ስትለብስ አይሃለሁ። እሱን ማየት አልቻልኩም ፈለቀ።»

«ትጠይኛለሽ?»

ምሥራቅ አሰበች። ለመመለስ ስትል ሳይሆን በእውነት አሰበች።

«አንዳንድ ቀን» አለች። «ሌላ ቀን ደግሞ ያን ወለል የምጠርገው እኔ እንደነበርኩ ትዝ ይለኛል። በደረቁ ነበር የምጠርገው፤ እሷን አዝዬ።»

ሚኒባሱ መጣ። ረዳቱ «ቦንጋ! ቦንጋ!» እያለ ጮኸ። ፈለቀ አንድ ነገር ሊላት ፈለገ፤ ይቅርታ እንዳይል ብዙ ጊዜ ብሏታል፤ አንቺ ጥፋት የለብሽም ሊላት አፉን ሲከፍት ረዳቱ ክንዱን ይዞ አስገባው።

ሳምንቱን ሁሉ ላለመሄድ ወሰነ። ቅዳሜ ጠዋት ግን እግሩ መናኸሪያ ወሰደው። ግቢው በር ላይ ቆሞ ሊያንኳኳ ፈራ። በሩ ሳይነካው ተከፈተ። ምሥራቅ ውሃውን በሳፋ ይዛ ወጣች፤ ሳሙናውን አጠገቡ አስቀመጠች። ወደ ቤት አልተመለሰችም፤ እጁን ሲታጠብ ፊቷን ወደ ጫካው አዙራ ጠበቀችው።